ለዓሣው ሲባል የተዘጋው ቦይ

አንድ በሽንኩርት ንግድ የከበረ አቶ ዘገየ የሚባል ሰው ነበር። እጁ ላይ ገንዘብ ሲተርፈው በመሬቱ ላይ የሚያልፈውን ወንዝ በአፈር ገደበና ለመዝናኛ የሚሆን ትንሽ ሐይቅ ሠራ። ሁለት ጀልባ ገዛ፣ ዓሣም አስገባበት። ከዚያ ወዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ምሳ ከመቅረቡ በፊት ሐይቁን ዞሮ ማድነቅ ግዴታ ሆነ።

ግድቡን የሚጠብቀው ልመንህ የሚባል ሠራተኛ ነበር። ልመንህ ጠዋት ጠዋት ከግድቡ ግርጌ የሚመነጨውን ጥቂት ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ፀሐይ ያነሳና ያየዋል። ጥርት ካለ ግድቡ ደህና ነው፤ ከደፈረሰ ግን ውሃው አፈሩን ከውስጥ እየበላው ነው ማለት ነው። አቶ ዘገየ በዚህ ይስቅበታል።

«ዶክተር! የሐይቄ ሽንት ዛሬ እንዴት ነው?»

«ጤነኛ ነው ጋሼ» ይላል ልመንህም እየሳቀ።

አቶ ዘገየን እንቅልፍ የነሳው ሌላ ነገር ነበር። በግድቡ ጎን፣ ሐይቁ ሲሞላ ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ቦይ አለ። ዓሣዎቹ በዚያ እየሾለኩ ሄዱበት። «እኔ ቀልቤ ጎረቤት ሊበላ!» አለና የቦዩን አፍ በወንፊት ሽቦ ዘጋው።

«ኧረ ጋሼ፣ ሣርና ቅጠል ይደፍነዋል። ዝናብ ሲመጣ ውሃው በየት ሊወጣ ነው?» አለው ልመንህ።

«ሲመጣ እንነጋገራለን።»

ዝናቡ ግን ለንግግር ጊዜ አልሰጠም። ከፋሲካ በኋላ ለአቶ ዘገየ ልጅ ለስንዱ ሠርግ ከግድቡ በታች ባለው መስክ ላይ ድንኳን ተተከለ። በዋዜማው ከቀትር በኋላ ዶፍ ወረደ። ጎርፉ ያመጣው ሣርና ጭራሮ ሽቦውን ደፈነው፤ ውሃው የግድቡን አናት ሊያልፍ አንድ ስንዝር ቀረው። የአፈር ግድብ ደግሞ ውሃ ባናቱ ካለፈበት ይናዳል።

አቶ ዘገየ ጃንጥላውን ይዞ ሲደርስ ልመንህ ከቦዩ ዳር ተንበርክኮ ሽቦውን በመጥረቢያ ይቆርጣል።

«አንተ! ዓሣዬን ልትለቀው ነው?»

«አዎ ጋሼ። ስንዱ ከታች ናት።»

አቶ ዘገየ ቁልቁል ተመለከተ። ልጁ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ከሚዜዎቿ ጋር ትስቃለች። ወዲያው ጃንጥላውን ወርውሮ ሣሩን በሁለት እጁ ይነቅል ጀመር። ሽቦው ሲበጠስ ውሃው እያጓራ በቦዩ ወደ መስኩ ዳር ወረደ፣ ዓሣውም አብሮት። ሐይቁ ቀስ በቀስ ጎደለ፤ ግድቡም ተረፈ።

ወጥ ሠሪዎቹ መስኩ ላይ የሚዘለውን ዓሣ በሰፌድ እየለቀሙ እልልታውን አቀለጡት። በማግስቱ ሠርገኛው ዓሣ ጥብስ ጠገበ። ሙሽራው «አማቴ ሐይቃቸውን ደገሱልኝ!» እያለ ሰዉን አሳቀ።

አቶ ዘገየ ልመንህን ጠራና «ሽቦውን ስትቆርጥ ለምን አስቀድመህ አልጠየቅኸኝም?» አለው።

«ብጠይቅዎ እሺ ይሉኝ ነበር?»

«አልልህም ነበር» አለና እጁን ይዞ ወስዶ ከሙሽሮቹ አጠገብ አስቀመጠው።

ወዳጆቼ፣ ያ ቦይ ዓሣ ያስመልጥ ነበር፤ ግድቡን ያቆመውም እሱው ነው። እኛም ጥቂት ላለማጣት ብለን ትርፉ የሚወጣበትን በር እንዘጋለን፣ በሚያስጠነቅቀንም ላይ እንስቃለን። የተጠራቀመው ሲናድ ግን የሚያገኘው ከታች ያሉትን የምንወዳቸውን ነው።

እናንተስ የትኛውን ቦይ ዘግታችኋል? ከታችስ ማን ቆሟል?