በዓላቱን የቆጠረው ዕቅድ

አንድ ፎርማን ነበሩ። ስማቸው ደምረው ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ ደምረው ይላቸዋል። በሃያ ስድስት ዓመት የግንባታ ሥራ አምስት ድልድይና እሳቸውም ቆጥረው የማይጨርሷቸው ትምህርት ቤቶች አሠርተዋል። አሸዋ በእጃቸው አሽተው አፈር ያለበትን ይለያሉ። የሠራተኛውን ፊት አይተው ነገ የሚቀረው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ይህ ሁሉ እውቀት ግን በጭንቅላታቸው እንጂ በወረቀት ላይ አልነበረም።

በተወለዱበት ቀበሌና በከተማው መካከል አንድ ወንዝ ያልፋል። ሰኔ ሲገባ ወንዙ ይሞላል። መፈተኛው ጣቢያ ከተማው ውስጥ ስለሆነ የማዶ ልጆች በየዓመቱ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ያመልጣቸዋል። በዚያ ወንዝ ላይ ድልድይ ሊሠራ መሆኑን የሰሙ ዕለት ጋሽ ደምረው የሥራ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ የድርጅታቸው ባለቤት ቢሮ ገቡ።

«ይህን ድልድይ እኔ ልምራው» አሉ።

ባለቤቱ ወንበር ሳቡላቸው። «ጋሽ ደምረው፣ እኔማ ደስ ባለኝ። ግን አሠሪው መሥሪያ ቤት በፕሮጀክት አመራር ሠርተፍኬት ያለው ሰው ነው የምፈልገው ብሎ በደብዳቤ ጽፏል። ለአሥራ ሁለት ሠራተኞቻችን የሦስት ወር ኮርስ ከፍተናል። የመጨረሻው ፈተና የዚሁ ድልድይ ዕቅድ ነው። የተሻለ ዕቅድ ያቀረበ ሠርተፍኬቱንም ድልድዩንም ይወስዳል።»

«አሥራ ሦስተኛ አድርገህ ጻፈኝ» አሉ ጋሽ ደምረው።

ኮርሱ በተጀመረ ቀን በሩ ላይ ናትናኤል የሚባል ወጣት ኢንጂነር አገኛቸው። «ጋሼ፣ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?» አላቸው እየሳቀ።

«ልጄማ አምና ተመርቃለች። እሷ ናት እኔን እስከ በሩ ያደረሰችኝ» ብለውት አልፈው የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

የመጀመሪያውን ፈተና ከመቶ ሠላሳ አንድ አገኙ። ወረቀቱን አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና አሠልጣኟን መምህርት ሶስናን ሊሰናበቱ ሄዱ። «ልጄ፣ ይህ የእኔ ነገር አይደለም። ‹ወሳኝ መስመር› ትላላችሁ፣ ‹የሥራ ጥገኝነት› ትላላችሁ። እኔ የማውቀው ድንጋይና አሸዋ ነው።»

መምህርቷ ጠመኔ አነሳች። «ቃሎቹን ይተዉአቸውና አንድ ነገር ይንገሩኝ። ነገ የድልድይ ምሰሶ ቢጀምሩ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

ጋሽ ደምረው ጀመሩ። ስለ ቁፋሮው፣ ስለ ፌሮ ብረቱ፣ አርማታው ስለሚሞላበት የእንጨት ሳጥን፣ ስለ አርማታው ሳያቋርጡ አወሩ። የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ፣ የቱ ቢዘገይ ሁሉም እንደሚቆም ነገሯት። እሷ እየሰማች ሰሌዳው ላይ ሳጥን ትሥላለች፤ ሳጥኖቹን በቀስት ታገናኛለች። ሲጨርሱ ዞር ብለው ሰሌዳውን አዩት።

«ፈተናው የጠየቀዎት ይህንኑ ነበር» አለቻቸው።

ጋሽ ደምረው የራሳቸውን ሥራ ከውጭ ሆነው ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከኮርሱ ቀርተው አያውቁም።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ባለቤቱና መምህርቷ ፊት ተቀመጡ። ናትናኤል ባለቀለም ዕቅዱን ግድግዳው ላይ አበራ። «መቶ አሥር ቀን! ጥር አንድ ጀምረን ሚያዝያ ሃያ እናስረክባለን» ሲል ተጨበጨበለት።

ጋሽ ደምረው በፕላስተር የተያያዙ አራት ትላልቅ ወረቀቶች ዘረጉ። በእርሳስ የተሠራ ነው። መጨረሻው ላይ «ግንቦት 24» ይላል።

«ወር ከአራት ቀን ዘገዩብን እኮ» አሉ ባለቤቱ ቅር ብሏቸው።

ጋሽ ደምረው ወደ ወጣቱ ዞሩ። «ናትናኤል፣ ጥር አሥራ ሁለት ምን ታሠራለህ?»

ናትናኤል ኮምፒውተሩን አየ። «የመሠረት ቁፋሮ፣ ሃያ ሰው።»

«ጥር አሥራ ሁለት ሚካኤል ነው። አገሩ በሙሉ ታቦት ሊሸኝ ይወጣል። እንኳን ሃያ ሰው፣ አንተም አትገኝም።»

ክፍሉ ሳቀ። ናትናኤልም ሳቀ። «እውነት ነው፤ እናቴም አትለቀኝም» አለ።

«ጥር ሃያ አንድስ?»

«ቁፋሮ...» ብሎ ጀመረና አቆመ። «ማርያም ናት።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ መቁጠሩን ቀጠለ። የወሩን በዓላት፣ የማዶ ሰው ሰንበት ብሎ የማይቆፍርበትን ቅዳሜ፣ ስቅለትንና የፋሲካን ሰሞን እየደመረ ሠላሳ ስድስት ቀን ላይ ደረሰ። ኮምፒውተሩ በዕረፍት ቀንነት የሚያውቀው እሑድን ብቻ ነበር። «ይህ ሲጨመርበት... በተጨመሩት ቀናት ውስጥ ያሉት በዓላትም አሉ... ሰኔ ውስጥ እንገባለን» አለ ቀስ ብሎ። ሰኔ ማለት ወንዙ ማለት ነው።

ባለቤቱ ጎንበስ ብለው የእርሳሱን ዕቅድ አዩ። «ታዲያ እርስዎ በዓሉን ሁሉ ቆጥረው እንዴት በግንቦት ጨረሱ?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዓል ሲመጣ ሥራ አቆም ነበር። እኔ ቤተ ክርስቲያን፣ ሥራውም እንደ እኔ እረፍት። እዚህ መጥቼ ሥራዎቹን ለያይቼ ስጽፋቸው ነው የታየኝ። አርማታ ከተሞላ በኋላ እስኪጠነክር ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ በበዓል ዋዜማ እንሞላዋለን፤ ሰዉ ሲያከብር እሱ ይጠነክራል። ፌሮ የሚያስሩት እነ ከድር ሙስሊሞች ናቸው። በሚካኤልና በማርያም እነሱ ያስራሉ፤ አርማታውንም ውሃ ያጠጣሉ። ዓርብ እነሱ ጁምዓ ሲሄዱ ግንበኞቹ ይሠራሉ። ከድርንም የግንበኞቹንም አለቃ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሁለቱም እሺ ብለዋል።»

መምህርት ሶስና ሠርተፍኬቱን ሳበችና «ደምረው» ብላ ጻፈችበት።

መጀመሪያ ተነስቶ ያጨበጨበው ናትናኤል ነው። ቀጥሎ ወረቀቱ አጠገብ መጣ። «ጋሼ፣ ምክትል ያስፈልግዎታል። ይህንንም ሳይቀደድ ኮምፒውተር ውስጥ ላስገባልዎ።»

«አስገባ» አሉት። «ማርያምን እንዳትሰርዛት ብቻ!»

ሥራው ጥር አንድ ተጀመረ። መጋቢት ላይ የአርማታ ማቡኪያው ተበላሽቶ አራት ቀን በላባቸው። ሆኖም ዕቅዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለነበር የትኛው ሥራ መጠበቅ እንደሚችል፣ የትኛው እንደማይችል ሁሉም ያየዋል፤ ማንም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ድልድዩ ግንቦት 28 አለቀ። ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን ወንዙ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ወረደ። በሳምንቱ ዘጠና አራት የማዶ ልጆች እርሳሳቸውን ይዘው፣ ጫማቸው እንኳ ሳይረጥብ፣ በጎርፉ ላይ ተሻግረው ሊፈተኑ ሄዱ። እናቶች ከኋላቸው እልል አሉ። እነ ከድርና ግንበኞቹ ጋሽ ደምረውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው እየጨፈሩ ከዳር እስከ ዳር ወሰዷቸው። እሳቸው ግን «አውርዱኝ፣ ኧረ አውርዱኝ» እያሉ ይስቁ ነበር።

ወዳጆቼ፣ ኮርሱ ጋሽ ደምረውን ድንጋይ መደርደር አላስተማራቸውም። ያስተማራቸው የሚያውቁትን አውጥቶ ማየትን፣ ለሌላው ማሳየትንና ማስተካከልን ነው። ናትናኤልም ትምህርት አላነሰውም፤ በትምህርቱ ውስጥ የገዛ እናቱን በዓል ማስገባት ረስቶ ነው። ሥልጠና የሚሠራው የአገሩን ሰው አኗኗር ሲያውቅ ነው። ልምድም ሌላ ሰው ሊያነበው በሚችል መልክ ካልተጻፈ ድልድይ አይሆንም። ለመማር ደግሞ የፊተኛው ወንበር ለማንም ዕድሜ ክፍት ነው።

እናንተስ ለዓመታት በውስጣችሁ ይዛችሁት ማንም ያላየው እውቀት የትኛው ነው? መቼስ ትዘረጉታላችሁ?