የዘርፌ ጫጩቶች መኖና የጋሽ ባንጃው ወረፋ

ተረት ልንገራችሁ? «ወረፋ ይዘናል!» በሉኛ። እንዲያ ነው እንጂ!

ቢሾፍቱ ውስጥ ዘርፈሽዋል የምትባል ጫጩት አርቢ ነበረች። እጇ ፈጣን፣ አፏ ከእጇ የፈጠነ። ከዓለሙ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ለጫጩቶቿ አንድ ጆንያ መኖ። በመኖ ጣሳዋ ሥር የቀረችው አንዲት ጭብጥ ናት። ጫጩቶቹም ጭው ጭው ይላሉ። የራበው ጫጩት ወንድሙን መንቆር ይጀምራል፤ ይኼን ዶሮ ያረባ ሁሉ ያውቀዋል።

የአርቢዎቹ ማኅበር መኖ የሚታዘዘው በስልክ ነው። ዘርፌ «አሁን ይምጣልኝ» የሚለውን ተጫነች። ዝም። ደግማ ተጫነች። ዝም። ተሳድባ ተጫነች። ጭራሽ ዝም! ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ማኅበሩ ገሰገሰች።

የማኅበሩ ባጃጅ በር ላይ ቆሟል፤ ነጂው ተካልኝ ውስጡ ተኝቷል።

«አንተ ተካልኝ፣ ተነሥና መኖዬን አምጣልኝ!»

«ባዶ ባጃጅ ይዤልሽ ልምጣ እንዴ፣ እትዬ ዘርፌ? መጋዘኑ ካልተከፈተ አላስነሣም።»

ወደ መጋዘን ጠባቂው ወደ ጋሽ ጉርሜሳ ሄደች። «ጋሽ ጉርሜሳ፣ ይክፈቱልኝ። ተካልኝ ባጃጁን አላስነሣም አለ፣ ጫጩቶቼም ጭው ጭው ይላሉ።»

«ይኼ ስልክ ካልጮኸ አልከፍትም» አሉ ጋሽ ጉርሜሳ፤ ከትናንት ጀምሮ ስልኩን እንደ ሕፃን ታቅፈውታል።

ዘርፌ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «ስልክ ሆይ፣ ጩኽልኝ። ጋሽ ጉርሜሳ አልከፍትም አሉ፣ ተካልኝ አላስነሣም አለ፣ ጫጩቶቼም ጭው ጭው ይላሉ።»

ስልኩም «አንባቢው ካልነገረኝ ምን ብዬ ልጩኽ?» አለ።

አንባቢው ደግሞ ማነው? ዘርፌ የማኅበሩን ኮምፒውተር ወደምታስተዳድረው ወደ ኤፍራታ ገባች።

«እትዬ፣ ቁጭ በይ» አለች ኤፍራታ። «ትእዛዛችሁ ሁሉ ደመና በሚሉት ቤት ይሰለፋል። የሰማዩ አይደለም፤ ሩቅ አገር ያለ፣ የተከራየነው የኮምፒውተር ቤት ነው። አንባቢ የሚባል ፕሮግራም ከፊት የቆመውን መልእክት ያነሣል፣ ያነባል፣ ለስልኩ ይነግራል፣ ከዚያ ‹ተቀብያለሁ› ይላል። ያኔ መልእክቱ ይሰረዝና ቀጣዩ ይነሣል። ‹ተቀብያለሁ› ካላለ ግን መልእክቱ ተመልሶ ከፊት ይቆማል።»

«ታዲያ አሁን ምን ሆነ?»

«አንባቢው ከትናንት ጀምሮ አንዱን መልእክት ያነሣል፣ ትን ይለዋል፣ ይመልሳል። ያነሣል፣ ትን ይለዋል፣ ይመልሳል።»

ዘርፌ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። «አንባቢ ሆይ፣ የኔን አንብብልኝ። ስልኩ አልጮኽም አለ፣ ጋሽ ጉርሜሳ አልከፍትም አሉ፣ ተካልኝ አላስነሣም አለ፣ ጫጩቶቼም ጭው ጭው ይላሉ።»

አንባቢው «የፊቱ ሳያልፍ የኋላውን አላነብም» አለ።

የፊቱ መልእክት ምን ይላል? «መኖዬ ለጳጉሜን ሦስት ይድረስልኝ» ይላል። አንባቢው የውጭ አገር ሰው የሠራው፣ ተዘጋጅቶ የተገዛ ነው፤ የሚያውቀው ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። ዐሥራ ሦስተኛ ወር ሲያይ ጉሮሮው ይዘጋል።

«ወር ማስተማሩ እስከ መስከረም ይወስድብኛል» አለች ኤፍራታ። «ይኼን መልእክት ወደ ጎን ማስቀመጥ ግን በአንድ ጣት ነው። ብቻ ባለቤቱ ካልፈቀደ አላነሣም። ማኅበሩ ሲቋቋም ተማምላችኋል፤ የሰው ወረፋ አይነካም።»

«ባለቤቱ ማነው?»

«ጋሽ ባንጃው።»

ዘርፌ ራሷን ያዘች። ጋሽ ባንጃው የአጥር ጎረቤቷ ናቸው። ሁሉም ሰው «አሁን» ብሎ ሲጫን እሳቸው ቀን ቆርጠው የሚጽፉ ጥንቁቅ ሰው ናቸው!

«ጋሽ ባንጃው፣ በሞቴ ይፍቀዱልኝ። ኤፍራታ አላነሣም አለች፣ መልእክቱ አላልፍም አለ፣ አንባቢው አላነብም አለ፣ ስልኩ አልጮኽም አለ፣ ጋሽ ጉርሜሳ አልከፍትም አሉ፣ ተካልኝ አላስነሣም አለ፣ ጫጩቶቼም ጭው ጭው ይላሉ።»

«ወረፋዬን ልልቀቅ? ያውም ላንቺ?» አሉ ጋሽ ባንጃው። «ያ ሻለቃ ያልሽው አውራ ዶሮሽ ቆስጣዬን ጨረሰው! መጀመሪያ እሱን ዶሮ ቤት አስገቢ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ሻለቃ ቆስጣው መሀል ቆሟል። ልትይዘው ብትል አጥር ላይ ወጣ።

«ሻለቃ፣ የኔ ጌታ፣ ግባልኝ! ጋሽ ባንጃው አልፈቅድም አሉ፣ ኤፍራታ አላነሣም አለች፣ መልእክቱ አላልፍም አለ፣ አንባቢው አላነብም አለ፣ ስልኩ አልጮኽም አለ፣ ጋሽ ጉርሜሳ አልከፍትም አሉ፣ ተካልኝ አላስነሣም አለ፣ ጫጩቶቼም ጭው ጭው ይላሉ!»

ሻለቃ አንገቱን ሰብቆ «መኖ ካልበላሁ አልገባም» አለ።

ዘርፌ ጣሳውን አየች። ጫጩቶቹን አየች። ያቺን የመጨረሻ ጭብጥ ለጫጩቶቹ ብትሰጥ ለዛሬ እንኳ አትበቃም፤ ለሻለቃ ሰጥታ መኖው ባይመጣ ደግሞ ነገ ጫጩት የላትም። ዓይኗን ጨፍና ጭብጧን ዶሮ ቤቱ ውስጥ በተነችው።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ሻለቃ ዘሎ ገባ፣ በሩ ጥርቅም አለ፣ ጋሽ ባንጃው «ይሁን፣ ፈቅጃለሁ» አሉ፣ ኤፍራታ በአንድ ጣቷ ነካች፣ መልእክቱ ወደ ጎን አለ፣ አንባቢው «ተቀብያለሁ! ተቀብያለሁ!» እያለ አነበበ፣ ስልኩ እሪ አለ፣ ጋሽ ጉርሜሳ መጋዘኑን በረገዱ፣ ተካልኝ ባጃጁን አስነሣ፣ መኖው ዘርፌ ደጅ ወረደ፤ ጫጩቶቹም ጭው ማለቱን ትተው ቀም፣ ቀም፣ ቀም!

ተካልኝ ሄዶ ተመለሰ፤ ሌላ ጆንያ አወረደ። ሄዶ ተመለሰ፤ ሌላ።

«ምንድን ነው ይኼ ሁሉ?»

«የተጫንሽው ሁሉ ነዋ፣ እትዬ! እያንዳንዱ ተሰልፎ ነበር።»

«ስድቡስ መጣ?»

«ስድቡ ቀርቷል፤ ጆንያው ግን ሙሉ ነው።»

ዘርፌ ሣቋን ለቀቀችው። አንዱን ጆንያ አዝላ ጋሽ ባንጃው ደጅ አወረደችው፤ ወረፋውን የለቀቀ ሰው ዶሮዎች እንዴት ጦማቸውን ያድራሉ?

መስከረም ላይ ኤፍራታ አንባቢውን ዐሥራ ሦስተኛውን ወር አስተማረችው፤ በጎን የተቀመጠው መልእክት ተነሣ፣ ባጃጁም እየጮኸ ደረሰ። «ጋሽ ባንጃው! የጳጉሜን ሦስት መኖዎ መጣ!»

ጋሽ ባንጃው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አወጡ። «ዘርፌ፣ አየሽ? ወረፋዬ አልጠፋም!»

ተረቴም ወረፋዋን ጨረሰች። «ተቀብለናል» በሉኛ፤ አለዚያ ተመልሳ ከፊት ትቆምባችኋለች!