ያላለቀው ምርቃት

በእኛ በፍኖተ ሰላም በኩል፣ ሽማግሌ እየመረቀው ሰዓቱን የሚያይ ሰው ከተገኘ ትልልቆቹ እርስ በርስ ይተያዩና አንዲት አባባል ይወረውሩበታል። የዛሬ ልጆች ስለ ድግስ የተነገረች ይመስላቸዋል። አይደለችም። ያመጣት የቤት ቀብድ ነው።

ወይዘሮ ጥሩዓለም የሚባሉ እናት ነበሩ። ሰማዩ ሲጠራ በረዶ ሊመጣ ነው የሚሉ፣ ዶሮ ስትንጫጫ ጭልፊት የሚታያቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው አንጓች፣ መልካሙ የሚባል ልብስ ሰፊ አግብታ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ስትንከራተት፣ እናት እንቅልፍ አጡ። በመጨረሻ ከባላቸው ከአቶ ባይለየኝ ጋር ተማክረው የጓሯቸውን ባሕር ዛፍ ሸጡ። ገንዘቡ ብድር አይደለም፤ ለልጆቹ ለቤት ቀብድ የተሰጠ ስጦታ ነው።

ቤቱ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለ ባለ ሁለት ክፍል ነበር። ሻጩም ቃሉ አጭር ነው፦ «ቀብዱን ዛሬ እስከ እኩለ ቀን አምጡ፤ ቀሪውን በየወሩ ትከፍላላችሁ። አንድ ወር ከዘለላችሁ ግን ቤቱም ወደ እኔ፣ ቀብዱም ወደ እኔ!»

እንግዲህ በአገሩ ወግ፣ ወላጅ ሳይመርቅ ልጅ እጁን አይዘረጋም። አቶ ባይለየኝ ደግሞ ምርቃት ያውቃሉ፤ ከማወቅም ያልፋሉ። ሠርግ ላይ መርቀው ወጡ ረግቶ ያውቃል። የዚያን ቀንም ለምስክር የተጠሩት የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ውቤ ባሉበት፣ ገንዘቡን በመሀረብ ቋጥረው በግራ እጃቸው ያዙና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ከቅድመ አያታቸው ጀመሩ።

«አሜን» ይላሉ ልጆቹ። ወይዘሮ ጥሩዓለም ግን ዓይናቸው ለእኩለ ቀን እያጠረ በሄደው ጥላ ላይ ነው። ያንኑ ቤት ሊገዛ ሲዞረው የከረመ አንድ ድንች ነጋዴ ይታያቸዋል፤ ከሻጩ ጋር ሲጨባበጥ፣ ቁልፍ ሲቀበል፣ በረንዳው ላይ ጆንያ ሲደረድር።

«…ጓዳችሁ ይሙላ፣ እሳታችሁ አይጥፋ…»

«አሜን!»

«…እንግዳ ከደጃችሁ አይታጣ፤ የመጣውም…»

«አሜን! አሜን! በቃ፣ አለቀ!» ወይዘሮ ጥሩዓለም መሀረቡን ከባላቸው እጅ መንጭቀው አማቻቸው ብብት ውስጥ ሸጎጡት። «ሩጥ፣ ልጄ! ድንቹ ቀደመህ!»

መልካሙ ሮጠ። አንጓችም ነጠላዋን እየሰበሰበች ተከተለችው። አቶ ባይለየኝ እጃቸው እንደተዘረጋ፣ አፋቸው እንደተከፈተ ቀሩ።

«ኧረ ጥሩዓለም፣ ምርቃት በመሃል አይበጠስም» አሉ አያ ውቤ።

«ቤት ከሚያመልጥ ምርቃት ይበጠስ፣ አያ!»

ቤቱ ተገዛ። ድንች ነጋዴው ለካ በዋዜማው ሌላ ቤት ገዝቶ ኖሯል።

ልጆቹ ገብተው ገና ሳይደላደሉ እንግዳ መጣ። መጀመሪያ የመልካሙ አጎት፣ ከቡሬ፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ። ቀጠሮው ተላለፈባቸው፤ መሄጃቸውም አብሮ ተላለፈ። ከዚያ ዓይኗን ልትታከም የመጣች አክስት። ከዚያ መኪና ያመለጣቸው ሁለት የባል ዘመዶች፤ በማግስቱም መኪናው አመለጣቸው። በረንዳው ላይ ደግሞ «መኪናው እስኪሞላ» የሚሉ የአገር ልጆች አይጠፉም። አጎት የሚተኙት የልብስ ስፌት መኪናው ሥር ነው፤ መልካሙ መርገጫውን ሲነካ «ራሴን፣ ልጄ፣ ራሴን!» ይላሉ። ስለዚህ አይሰፋም። ስለማይሰፋም የወሩ ክፍያ ምስር ወጥ እየሆነ ተበላ።

ክፍያው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት መልካሙ የስፌት መኪናውን ሊሸጥ ገዢ ማፈላለጉን ወይዘሮ ጥሩዓለም ሰሙ።

«ምርቃቱ ነው!» ብለው ጮኹ። «እንግዳ አይታጣ ብሎ ቀረ! መሸኛው ሳይነገር ቀረ!»

«እማዬ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ስለሆንን ነው እኮ» አለች አንጓች።

«መናኸሪያው አልመረቀ!»

እየሮጡ ቤታቸው ገቡ። አቶ ባይለየኝ አጥር ሲያጥሩ አገኟቸው።

«ያን ምርቃት ጨርስ!»

«የትኛውን? የነጠቅሽኝን?»

«አዎ! ‹የመጣውም› ላይ ነው የቆምከው።»

«እኔ ምርቃት ከመሃል አልጀምርም፣ አንቺ። እንደ ዘፈን መሰለሽ?»

«እሺ፣ ከአዳም ጀምር! ብቻ ተነሥ!»

አያ ውቤን አስከትለው መጡ። አቶ ባይለየኝ በልጃቸው ቤት መሃል ቆሙ፤ እንግዳው ሁሉ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። ከቅድመ አያታቸው ጀመሩ። ወይዘሮ ጥሩዓለም እግራቸው እስኪዝል ቆመው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሰሙ። ጓዳው ሞላ፣ «አሜን!» እሳቱ አልጠፋም፣ «አሜን!» እንግዳ ከደጅ አልታጣ፣ «አሜን!» አጎትየው ጣሪያውን ሊያነሡት ደረሱ።

«…የመጣውም በልቶ፣ ጠግቦ፣ መርቆ፣ በጊዜ ወደ ቤቱ ይግባ።»

አክስት መሬት መሬቱን አየች። አጎት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከበረንዳው አንዱ የአገር ልጅ ቀስ ብሎ ጫማውን ፈለገ።

«አሜን በሉ እንጂ!» አሉ አያ ውቤ በከዘራቸው መሬቱን መታ እያደረጉ።

«አሜን…» አሉ እየጎረበጣቸው። አሜን ካሉ በኋላ ደግሞ መቀመጥ ነውር ነው። አክስት «ዓይኔስ ተሽሎኛል» ብላ ተነሣች፤ አጎትም «ቀጠሮውን ቡሬ ሆኜ እጠብቃለሁ» አሉ። መኪናውም፣ የአምላክ ያለህ፣ ለዚያን ቀን ሞላ።

መልካሙ ወዲያው መርገጫውን ረገጠ። ቀንና ማታ ሰፍቶ ክፍያውን በቀኑ አደረሰ፤ ቤቱም ተረፈ።

ያን ዕለት ግን እንግዶቹ ወጥተው በሩ ሲዘጋ፣ አቶ ባይለየኝ ጫማቸውን አውልቀው የልጆቹ አልጋ ላይ ጋደም ብለው ነበር።

«ምነው፣ አንተ ሰውዬ፣ አንሄድም?» አሉ ወይዘሮ ጥሩዓለም።

«ሁለት ጊዜ መርቄ ደከመኝ። እስከ ፍልሰታ እዚሁ አርፋለሁ። በይ የሚበላ ነገር አምጪ።»

«‹በጊዜ ወደ ቤቱ ይግባ› ያልከውስ?»

«እሱ ለእንግዳ ነው። እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?»

ወይዘሮ ጥሩዓለም የክረምቱን ሽሮ በልባቸው መስፈር ሲጀምሩ፣ አያ ውቤ ከዘራቸውን አንሥተው ወደ በሩ እያዘገሙ ዞር አሉና «እንግዲህ ቻይው፣ ጥሩዓለም፤ ምርቃት የቆረጠ ከእንግዳ አላመለጠ» አሏቸው።