አህዩትና የተከማቹት ኢሜይሎች

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በኢሜይል በሚጻጻፉበት አገር፣ የንጉሥ አንበሳን መልእክቶች የምትጠብቅ አህዩት የምትባል አህያ ነበረች። ከየአቅጣጫው የሚላከው ሁሉ በእሷ ኮምፒውተር ውስጥ ይከማቻል፤ የድንበር ጠብ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የበጎች አቤቱታ፣ የዝንጀሮ ቀልድ ሳይቀር። አንበሳ አንዱን በፈለገ ቁጥር አህዩት ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ በአንድ እየከፈተች ታነባለች። አገኘሁ ብላ ሳታርፍ ሌላ ትጠየቃለች፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ጀርባዋ ጭነት ከተወ ቆይቷል፤ ድካሙ ግን ወደ ዐይኗ ወጥቶ ተቀምጧል።

እንዲህ እያለች ሳለ ድርቅ ገባ። ወንዙ ደረቀ፤ ጥጆች መቆም አቃታቸው። አንበሳም እያለከለከ መጣ።

«አህዩት፣ ሟቹ ጎሽ በድርቅ የማይነጥፍ ምንጭ አይቻለሁ ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ቦታው ጠፋብኝ። ፈልጊልኝ!»

«መቼ ነበር የጻፈው ጌታዬ? በማን አድራሻ?»

«እሱን ባውቅማ መች እቸገር ነበር! የራሱ አድራሻ አልነበረውም፤ ያገኘውን ሁሉ እየለመነ በእነሱ አድራሻ ነበር የሚልከው።»

አህዩት በረጅሙ ተንፍሳ ከመጀመሪያው ጀመረች። ብዙም ሳትሄድ ቀበሮ ጅብን አስከትላ ገባች።

«እህቴ፣ አሳዘንሽኝ» አለች ቀበሮ። «ፍለጋው የሚጎተተው ክምሩ ስለበዛ እኮ ነው። አሮጌ አሮጌው ቢጠፋ ወዲያው ይቀልልሻል። አያ ጅቦ ያግዝሽ፤ አንቺ ትንሽ ጋደም በይ።»

አህዩት እምቢ ማለት ነበረባት። ግን ማንም እረፊ ብሏት አያውቅም ነበርና ሆዷ ባባ። ቦታውን ለቀቀችለትና ግድግዳውን ተደግፋ ዐይኗን ከደነች።

ጅብ እየሳቀ መሰረዙን ተያያዘው። ጥቂት ቆይቶ ጮክ ብሎ ጠየቀ፦

«እመት ቀበሮ! የበጎቹን ክስ ጨረስኩ። ግልገሎቻቸውን በላችብን ያሉት ሁሉ ድራሹ ጠፍቷል። አጥንቴን አሁን ትሰጪኛለሽ ወይስ የቀረውንም ላጥፋ?»

ቀበሮ በበሩ ሾልካ ጠፋች። አህዩት ግን ዐይኗን ገለጠች።

«ተነሥ ከዚያ!»

«አህያ ጅብን ተነሥ ትላለች?» አለ ጅብ፣ ጥርሱን እያሳየ።

አህዩት ወደ ኋላ አላለችም። «ብላኝ እንግዲህ። ከዚያ ምንጩን ማን ሊፈልግልህ ነው? አንተስ አልጠማህም?»

ጅብ ለማሰብ ሞከረ። ማሰብ ስለማይወድ ቶሎ ተወውና እያጉረመረመ ወጣ።

ደግነቱ የተሰረዘው ሁሉ ገና የኮምፒውተሩ መጣያ ውስጥ ነበር። አህዩት አንድም ሳታስቀር መለሰችው። ከዚያ ተቀምጣ ብቻዋን ተናገረች፦ «ሁልጊዜ ሁሉን አነባለሁ፤ ያነበብኩትን ግን መልሼ እጥለዋለሁ። ለካ ያደከመኝ ይሄ ነው!»

በዚህኛው ንባብ ከየመልእክቱ ዋና ዋና ቃላትን እየለቀመች፣ በየቃሉ ሥር ቃሉ የሚገኝባቸውን መልእክቶች ታስቀምጥ ጀመር። ውሃ፣ ግጦሽ፣ ድንበር፣ መንገድ፣ ገደል። ሥራው ከበፊቱም የባሰ ተንቀራፈፈ። አንበሳ ተቆጣ።

«ጥጆች እያለቁ አንቺ ቃል ትለቅሚያለሽ?»

«ጌታዬ፣ ደግሜ ከመጀመሪያው መጀመር አልችልም። ዐይኔ እምቢ ብሎኛል።»

አንበሳ ደም የመሰለውን ዐይኗን አየና ወጥቶ ከደጅ ተቀመጠ።

በመጨረሻ መልእክቱ ከጅግራ አድራሻ ተገኘ። «ምንጩ ከቀዩ ተራራ ጀርባ ነው» ይላል። «መንገዱን ግን ቀደም ብዬ በጻፍኩት ሂዱ፤ በሌላው በኩል ገደል አለ።»

አንበሳ ራሱን ያዘ። «ደግሞ ሌላ ፍለጋ! በቃ፣ አለቀልን!»

አህዩት ግን አልተንቀሳቀሰችም። «መንገድ» የሚለውን አየች፤ «ገደል» የሚለውን አየች። ከዚህኛው ሌላ በሁለቱም ሥር ያለው መልእክት አንድ ብቻ ነበር። አንበሳ እጁን ከራሱ ላይ ሳያወርድ አነበበችለት፦ «መንገዱ ላይ ገደሉን ለመሸሽ ከሾላው ዛፍ በታች ዙሩ።»

እንስሳቱ እየተደጋገፉ ተነሡ። ብዙዎቹ ደረሱ፤ የላም ትንሹ ጥጃ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ላም ወደ ኋላዋ እየዞረች ስታለቅስ አህዩት አንገቷን ደፋች። ይህን ሥራ ዝናብ በነበረ ጊዜ ጀምራው ቢሆን ኖሮ ጥጃው ይደርስ እንደነበር ታውቃለች።

ምንጩ ላይ የጠጣችው ከሁሉም በኋላ ነው። አንበሳ ሊያመሰግናት ሲመጣ፣ አፏ ከውሃው ሳይደርቅ፣ በቆመችበት እንቅልፍ ወስዷት አገኛት። ሌሎቹን ዝም አሰኝቶ ጥላ ሆኖላት ቆመ።

ከዚህ የምንማረው፣ ያከማቸነው ነገር በቸገረን ሰዓት ቶሎ እንዲገኝልን ከፈለግን፣ ማደራጀቱን ሳይቸግረን መጀመር እንዳለብን ነው።