ነጠላው ያፈነው ድምፅ

ሰው የሚያውቀውን ነገር በሆዱ ይዞ ዝም ሲል፣ በእኛ አገር የሚወረወር አንድ አባባል አለ። እናንተ ዛሬ ዛሬ ለወሬኛውም ለሰካራሙም ትወረውሩታላችሁ፤ እኔ ስሰማ ያንገበግበኛል። አባባሉ ባለቤት አለው። ባለቤቱም አክስቴን አግብቶ የኖረ ሰው ነው። ቁጭ በሉና ስሙኝ። አባባሉን ግን አሁን አልነግራችሁም፤ ከነገርኳችሁ ታሪኩን ሳትሰሙ እሱን ይዛችሁ ትሮጣላችሁ።

ሰፈራችን ገደል አፋፍ ላይ ነው። በክረምት ጉሙ ከቆላ እየተግተለተለ ይወጣና ሰው የገዛ እግሩን ማየት ያቅተዋል። በዚያ ጉም ውስጥ ድምፅም ጠባዩን ይለውጣል፤ ሩቅ ያለው ሰው ጆሮህ ሥር ያወራል፣ አጠገብህ ያለው ደግሞ አይሰማህም። ልጆች ሳለን፣ በጉም ስማችሁ ሲጠራ ቶሎ ብላችሁ አቤት አትበሉ ይሉን ነበር።

የአክስቴ የየሻሽወርቅ ባል እንግዳሸት ይባላል። ሁለቱም ቆራቢዎች ናቸው። እንግዳሸት ጾም የማይሽር፣ ኪዳን የማያስታጉል፣ በጾም ትንኝ ገብታበት እንደሆነ ብሎ የሚጠጣውን ውሃ በነጠላ የሚያጠልል ሰው ነበር። ደግ ነው፣ ይሁን! ግን አብሮት የሚኖር ያውቀዋል። አክስቴ ከጎረቤት ጋር ብትስቅ ቁጣ ነው። ሲጸልይ ለማኝ ደጁ ላይ ከቆመ፣ ጸሎቱን ሳያቋርጥ በእጁ ሂድ ይለዋል።

ጎረቤታቸው ደባልቄ ደግሞ ቀልደኛ ነበር። አንድ ቀን በጽዋ ማኅበር ላይ፣ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው፣ «አያ እንግዳሸት እኮ የሚጾመው ከእህሉ እንጂ ከቁጣው አይደለም፤ ካላመናችሁ ሚስቱን ጠይቋት!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አክስቴም ሳታስበው ሳቀች። እንግዳሸትን የገደለው ይኼ የእሷ ሳቅ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ ደባልቄን ሰላም አላለውም። ደባልቄም ብዙ ሳይቆይ ለእርሻ ሥራ ወደ ቆላ ወረደ፤ ሁለት ክረምት ሳይመለስ ቀረ።

እሱ በሌለበት ናዳ መጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር በቀጥታ ወደ መንደሩ የሚወስደውን የዱሮ መንገድ ከመካከሉ ቆርሶ ወደ ገደሉ ይዞት ወረደ። ሕዝቡም ወደ ላይ፣ በአጥሩ ጀርባ፣ ሌላ መንገድ አወጣ። የዱሮው መንገድ አፉ ግን እንዳለ ነው፤ ለማያውቅ ሰው ና ና ይላል።

ፍልሰታ ገባ። እንግዳሸት ሊቆርብ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ አባ ኪሮስ ሄደ። አባ ኪሮስም፣ «የተቀየምከው ሰው አለ?» ብለው ጠየቁት።

«የለም አባቴ» አለ።

ደባልቄ ቆላ ነዋ! በአገር የሌለ ሰው ላይ ምን ቂም ይያዛል ብሎ ራሱን ሸነገለ። ቂም ግን የትም አይሄድም፤ አብሮት ቅዳሴ ቆመ።

ያን ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ አለቀ። የቆረበ ሰው አፉን በነጠላው ሸፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው፤ ምራቁን አይተፋም፣ ወሬ አያወራም። መልካም ሥርዓት ነው። አክስቴ ከሴቶቹ ጋር ቀድማ ሄደች። እንግዳሸት ከሴቶች ጋር መሄዱን ስለማይወድ ኋላ ቀርቶ ብቻውን መጣ። ጉሙ መሬት ነክቷል። መንገዱ ከሚከፈልበት ቦታ ሲደርስ አንድ ሰው ከታች እያፏጨ ሲመጣ ሰማ።

«ማነህ? ነጭ ነገር ይታየኛል!» አለ መንገደኛው። «ደባልቄ ነኝ። መንገዱ ያው በቀጥታ ነው አይደል?»

እንግዳሸት ቆመ። አልመለሰም። ጉሙ ጉሮሮውን ከርክሮት ሳል አመለጠው።

«ውይ! አያ እንግዳሸት ነህ? ሳልህን አወቅኳት» ብሎ ደባልቄ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እስከ ዛሬ አልበረደልህም? ጥፋቱ የኔ ነው። ማታ መጥቼ እግርህ ላይ እወድቃለሁ። አሁን ግን ጉሙ ዓይኔን ጋረደኝ፣ መንገዱን ብቻ ንገረኝ።»

እንግዳሸት በነጠላው ላይ እጁን ጫነ። ቆርቤያለሁ፤ ቅዱስ ሥጋ የገባበት አፍ መንገድ ላይ አይከፈትም አለ በልቡ። እስቲ ይሁን፣ አይናገር! ግን እጅ የለውም? ማጨብጨብ፣ ክንዱን መያዝ፣ ድንጋይ መወርወር ማን ከለከለው? በልቡ ያለውን ያን ጊዜም ያወቀው እግዜር ብቻ ነው።

«ዝም ካልክማ በቀጥታው ነው» አለና ደባልቄ አለፈ። እርምጃው ጥቂት ተሰማ። ድንጋይ ተንከባለለ። ከዚያ ምንም የለም፤ ጩኸት እንኳ አልተሰማም። እንግዳሸትም ነጠላውን እንዳጠበቀ ወደ ቤቱ ሄደ።

አክስቴ ምግቡን አቅርባ ጠበቀችው። «ምነው ቆየህ?» አለችው። ነጠላውን ፈታ፣ ማዕዱን ሊባርክ አፉን ከፈተ። ድምፅ የለም። ደግሞ ሞከረ። ከንፈሩ ይላወሳል፣ የሚወጣ ነገር ግን የለም። አንገቱን በሁለት እጁ ያዘ። ብርድ መትቶት ነው ብላ ልትነሳ ስትል፣ ከገደሉ በኩል ሰው ተጣራ።

«ደባልቄ! ደባልቄ ሆይ! ተመለስ ወንድሜ፣ በሞቴ ተመለስ፣ ገደል ነው!»

የእንግዳሸት ድምፅ ነው። ከነሳሉ የእሱ ነው። አክስቴ ባልዋን አየችው፤ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል፣ አፉ ተከፍቷል፣ ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። ውጭ ያለው ግን መጣራቱን አልተወም። ወደ ግድግዳው አፈገፈገች። «አንተ ሰውዬ፣ ማን ነህ? ባሌ የትኛችሁ ናችሁ?» አለች። እንግዳሸት ሁለት እጁን ዘረጋላት፤ እንባው ይወርዳል። ዕድሜዋን ሙሉ ስታወራው እዚህ ጋ ስትደርስ ታለቅስ ነበር። ከድንጋጤው ይልቅ የከነከናት ሌላ ነው፤ «እንዲህ ባለ የሚያባብል ድምፅ እኔን አንድ ቀን ጠርቶኝ አያውቅም» ትላለች።

መንደሩ ሁሉ ሰምቶ የማን ድምፅ እንደሆነ አውቆ ኖሮ፣ «እንግዳሸት ገደል ገባ!» እየተባለ ሰው ገመድና ጠፍር ይዞ ሮጠ። ድምፁን ተከትለው በፍየል መንገድ ወረዱ። ሲደርሱ ደባልቄ ከገደሉ ወገብ ላይ፣ ጭኑ ተሰብሮ፣ የወይራ ሥር በአንድ እጁ ጨብጦ ተኝቷል። ድምፁ ቀጥ አለ። ሌላ ሰው የለም።

«እንግዳሸትስ?» አሉት።

«እዚሁ ከጎኔ ነበር እኮ! እጄ ዝሎ ሥሩን ልለቅ ስል ደባልቄ ይለኛል፣ መልሼ እይዛለሁ። አላያችሁትም?»

እርስ በርስ ተያዩ። ጠፍረው አወጡትና በቃሬዛ ይዘውት ወጡ።

በማግስቱ ጉም ሲወርድ ድምፁ እንደገና ጀመረ። ሰው በአፋፉ ተሰበሰበ። ጋኔን ነው፣ ጸበል ይረጭ ተባለ። አባ ኪሮስ መስቀላቸውን ይዘው መጡ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ብዙ አዳመጡ። «እረፉ» አሉ በመጨረሻ። «ጋኔን ሰውን ወደ ገደል ይጠራል እንጂ ከገደል አይመልስም።»

እንግዳሸት ይህን ሲሰማ ከመሬት ድንጋይ አንስቶ በጫንቃው ተሸከመ። በዚያው ጎብጦ ደባልቄ ወደተኛበት ቤት ሄደ፣ እግሩ ሥር ተደፋ። ይቅር በለኝ እንዳይል አንደበት የለውም። ደባልቄ ያን ጊዜ ነው መንገድ ላይ የሆነውን ለሰው ሁሉ የተናገረው። ዘመዶቹ ዱላ አነሱ። እሱ ግን፣ «ተዉት!» አለ። «ድንጋዩን አውርዱለት። ድምፁ ቀድሞት ታርቆኛል፤ የቀረው እሱ ነበር፣ እሱም ይኸው መጣ።»

እንግዳሸት በምልክት ንስሐ እንዲሰጡት አባ ኪሮስን ለመነ። ስግደት ይሰጡኛል፣ ጾም ይጨምሩልኛል ብሎ ነበር። «ጾምማ መች አነሰህ!» አሉት። «ጉም በወረደ ቀን ሁሉ መንገዱ ከሚከፈልበት ቁም። የመጣውን ሁሉ፣ የምትወደውንም የምትጠላውንም፣ እጁን ይዘህ አሻግር። ያ ነው ቅዳሴህ።»

ቆመ። እስኪያረጅ ቆመ። ከጉሙ ውስጥ ቃል የማይናገር ሰው ብቅ ብሎ እጃቸውን ሲይዛቸው መንገደኞች ይደነግጡ ነበር፤ ሲሻገሩ ግን መርቀውት ይሄዳሉ። ለማኝ ደጁ ሲመጣም ጸሎቱን አቋርጦ ይነሳ ጀመር። አክስቴ ቤቷ ውስጥ እንደልቧ ትስቃለች፤ እሱም አብሯት ድምፅ በሌለው ሳቅ ይስቃል። ገደሉ ግን ድምፁን አልመለሰለትም። ከታች ድምፁ ይጠራል፣ ከላይ እሱ ይይዛል፤ በዚያ መንገድ ዳግመኛ ሰው አልጠፋም።

ጊዜው ደረሰና በአንድ ክረምት ሞተ። አስከሬኑን ተሸክመን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣን፤ ያን ቀን እኔም ነበርሁ፣ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ጉሙ ድፍን ብሏል። ፍትሐቱ እየተደረሰ ሳለ አንድ እንግዳ ሰው፣ ነጋዴ ይመስላል፣ ከአጥሩ በር ገባ። «አሁን ገደል ልገባ ስል፣ ተመለስ ወንድሜ ብሎ ያዳነኝ ሰው ማነው?» አለ። «ሳል የያዘው ሽማግሌ ነው። እግሩን ልስመው።»

ካህናቱ ዜማውን አቋረጡ። አክስቴ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። የተገነዘውን አስከሬን አየን፤ ሰውየውን ለማየት የደፈረ የለም። ከዚያ ደባልቄ በምርኩዙ እያነከሰ ወጣ፣ የእንግዳውን እጅ ይዞ ወደ አስከሬኑ አቀረበውና፣ «እግሩ ይኸውልህ ልጄ፣ ሳመው፤ ቆራቢ ዝም ቢል ገደል ይናገራል» አለው።