ማለዳ ማለዳ የሚጠፋ ደግነት

አንድ ሰው ነበረ። ላነሳሽው ጥያቄ መልሱ ከእሱ ዘንድ ነውና ስሚኝ። ሥራው የአርባ ጤና ጣቢያዎችን ሰርቨር መጠበቅ ነው። አንድ በአንድ እየዞረ ማስተካከሉ ቢሰለቸው በኮምፒውተሩ ላይ አንድ አብነት ጻፈ፤ ሰርቨሩ ሁሉ ከዚያ አብነት ይወለዳል፣ ጠባዩንም ከዚያው ይወስዳል። ማለዳ ማለዳ ራሱ የሠራው አንድ ፕሮግራም አርባውን ይጎበኝና ከአብነቱ ወጣ ያለ ነገር ካገኘ ወደ ቦታው ይመልሳል። ሰውየውም እፎይ ብሎ ተቀመጠ።

ቆላ ውስጥ አንዲት አዋላጅ ነበረች። የዚያ አገር የኔትወርክ መስመር የኤሊ ጉዞ ነው። የወላድ ካርድ ወደ ሆስፒታል ልካ አምቡላንስ ስትጠይቅ፣ መልእክቱ ገና ሳይደርስ ሰርቨሩ አምስት ደቂቃ አለፈ ብሎ ይዘጋባታል። ካርዱ ካልደረሰ ደግሞ አምቡላንስ አይላክም። ደወለችለት። እሱ መቼም አንጀተ ቡቡ ነው፤ ወዲያው በእጁ ገብቶ የእሷን ብቻ ሃያ ደቂቃ አደረገላት። እጅህ ይባረክ ብላ መረቀችው።

በማግስቱ ፕሮግራሙ ዞረ፤ ሃያውን መልሶ አምስት አደረገው። ደወለች፤ አስተካከለ፤ መረቀችው። እንዲህ ሲሆን ሁለት ሳምንት አለፈ። አብነቱ ላይ መጻፍ እንዳለበት ጠፍቶት ነው እንዳትዪ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ምርቃቱ ጥሞት ነው።

አንድ ቀን አክስቱን ሊቀብር ኔትወርክ የሌለበት ገጠር ሄደ። ያን ዕለት ጠዋት አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት መጣች። አዋላጇ ስድስት ጊዜ ላከች፤ ስድስት ጊዜ ተዘጋባት። ቢጨንቃት ወላዷን በቃሬዛ አሸክማ አስፋልት ድረስ በእግሯ ወጣች። እናትና ልጅ ለጥቂት ተረፉ።

ሲመለስ ይህን ሰማ። ይቅርታ ሊጠይቃት ደወለ። አልተቆጣችውም።

«ልጄ፣ ደግነትህን አልጠላሁትም» አለችው። «ግን አንተ በሌለህበት ቀንም ሴት ትወልዳለች።»

ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያም አብነቱን ከፈተ። አርባውን በሙሉ አልለወጠም፤ ከአብነቱ ሥር አንዲት ልጅ አብነት ጻፈ፣ በሁሉ እናቷን የምትመስል፣ በትዕግሥቷ ብቻ የምትለይ። የአዋላጇን ሰርቨር በእሷ ሥር አስገባው። በማግስቱ ፕሮግራሙ ዞረ፤ ሃያ ደቂቃውን አይቶ ሳይነካው አለፈ። አዋላጇ ከዚያ ወዲያ አልደወለችም። ሰውየው ስልኩን እያየ ብዙ ቀን ድምፅዋ ናፈቀው።

አንቺም ርዕሰ መምህር ነሽ። መራመድ የማይችል ልጇን አዝላ እያረፈደች ለምትመጣው እናት በየቀኑ በሩን ራስሽ ትከፍቺላታለሽ። ትናንት ስብሰባ ሄድሽ፣ ዘበኛው መለሳት። ደግ ሥራዬን ለምን አፈረሰብኝ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እሱ ምን ያድርግ? የተጻፈለትን ጠበቀ። ሂጂና የእናቲቱን ነገር ደንቡ ላይ ጻፊው። ከዚያ በኋላ በር ላይ ቆማ አትፈልግሽም፣ አትመርቅሽም። እሱን ቻይው፣ ልጄ።