የአህያ በርና የቀበሮ ጅምር

አንድ ጊዜ ቀበሮ በር ሠሪ ነበር፤ እጁ ፈጣን፣ አፉ ደግሞ ከእጁ የፈጠነ። አህያ ውርንጭላ በወለደች ሰሞን ጅብ እንዳይገባባት በር እንዲሠራላት ለመነችው። እሱም ደጇ ላይ ቁጭ ብሎ የወይራ ልምጭ ይጎነጉን ጀመር።

ግማሽ እንዳደረሰ የአንበሳ መልእክተኛ መጣ።

«የጌታችን ቤት ዘሟል፣ አሁኑኑ ድረስ!»

ቀበሮ ጅምሩ መተላለፊያ እንዳይዘጋ አነሣውና የራሱ ዋሻ ውስጥ ሊያስቀምጠው ተሸከመው።

«ምልክት አድርግበት እንጂ» አለችው አህያ።

«የገዛ ሥራዬን ልረሳ? ነገ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ» ብሎ ሳቀባት።

ከአንበሳ ቤት ሲመለስ ነብር ጠራው። የነብርን ሳይጨርስ ከርከሮ ጠራው። ሁሉም አስቸኳይ ነው ይላል። ጅምር በጅምር ላይ እየተወረወረ ዋሻው ሞላ።

በደጇ ባለፈ ቁጥር አህያ ትጠይቀዋለች። «አያ ቀበሮ፣ በሬስ?»

«ሊያልቅ ነው!»

ውሸቱን ነው። የእሷ የትኛው እንደሆነ እንኳ ጠፍቶታል፤ ያንን ከመናገር ሞቱን ይመርጣል። እሷ ግን ደጁን በገላዋ ዘግታ ስለምትውል ሣር ከጋጠች ሰነበተች፤ ወተቷም እየነጠፈ ሄደ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጅብ መንገድ ላይ አገኘው።

«አያ ቀበሮ፣ የአህያን በር እንዳትጨርሰው አደራ! በግራ በኩል ሰባት ረድፍ ልምጭ ላይ አይደል ያቆምከው? ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኜ ቆጥሬዋለሁ። ዛሬ ከሰዓት ውሃ ጥሟት ወንዝ ስትወርድ እገባለሁ።»

የቀበሮ ፊቱ ጋለ። ሥራውን ከእሱ ይልቅ ጅብ ያውቀዋል! እየሮጠ ዋሻው ገባ፤ ጅብ በነገረው ምልክት ሰባቱን ረድፍ ፈልጎ አገኘ፤ ቀትር ሳይሆን ጨርሶ በሩን ገጠመ።

ከሰዓት ጅብ ምራቁን እየዋጠ መጣና አፍንጫውን ከበሩ ጋር አጋጨ። «ለቀበሮ ብቻ ነው እኮ የነገርኩት!» እያለ እያነከሰ ተመለሰ።

አህያ እንባዋ መጣ። «ተባረክ አያ ቀበሮ፣ አስታወስከኝ።»

ዝም ቢል ያልፍለት ነበር፤ አልቻለም። «ያስታወሰኝ ጅብ ነው» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

አህያ ትክ ብላ አየችው። «አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ የጠየቅሁህስ እኔ?»

ቀበሮ በኀፍረት ጅራቱን ወትፎ ወደ ዋሻው ሄደ፤ ነብርንና ከርከሮንም ጠርቶ «የትኛው የማን እንደሆነ ረስቻለሁ፣ እባካችሁ አብራችሁኝ ፈልጉ» አላቸው።

ከዚህ የምንማረው ጅምር ሥራን ለጊዜው ማስቀመጥ ነውር እንዳልሆነ፣ የት እንዳስቀመጡት ረስተው «ሊያልቅ ነው» ማለት ግን ነውር እንደሆነ ነው።